ትክክለኛ መልስ የሸፈነው ስሕተት

ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ዓርብ ውሎ ነበር። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች እንደሚደረገው ሁሉ በልደታም በዚህ ዕለት ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ደጅ ወጥቶ፣ ንፍሮ ቀቅሎና ቡና አፍልቶ በዓሉን ያከብራል። ሰፈራችን የሚጠራው በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስም ስለሆነ ዕለቱ እኛ ዘንድ ከሌላው ቦታ ትንሽ ደመቅ ይላል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከሕንፃችን ግርጌ ከተሰበሰብነው መካከል አንዲት እናት «የከርሞዋ ልደታ ምን ቀን ትውል ይሆን?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ለማንም ተለይቶ የቀረበ አልነበረም። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት፣ በወጣትነታቸው በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉና ሰፈሩ «የኔታ» እያለ የሚጠራቸው አዛውንት ጣቶቻቸውን ጥቂት ጊዜ አጠፍ ዘርጋ ካደረጉ በኋላ «ቅዳሜ» አሉ። እኔ በስልኬ ፈልጌ እስካረጋግጥ ድረስ እርሳቸው ሁለተኛውን ስኒ ጀምረው ነበር።

አጠገባቸው የተቀመጠው የልጅ ልጃቸው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ያን ዕለት ጠዋት «ጋሼ፣ ይቺን ያስረዱኝ» ብሎ ደብተሩን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ጥያቄው በሁሉም መማሪያ መጻሕፍት የሚገኝ ዓይነት ነው፤ ሁለት ፈንክሽኖች ተሰጥተው የአንዱን ውጤት በሌላው ውስጥ አስገብቶ ማስላት። ልጁ ከቀረቡለት አራት ምርጫዎች ትክክለኛውን ከብቦታል። እንዴት እንደደረሰበት ስጠይቀው ግን ሁለቱን ፈንክሽኖች ለየብቻ አስልቶ እንዳባዛቸው ነገረኝ። ይህ አሠራር ከጥያቄው ጋር ምንም ዝምድና የለውም። «ታዲያ መልሱ ልክ አይደል?» አለኝ። ልክ ነው። እኔን ያሳሰበኝና ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው የመልሱ ልክ መሆን ነው።

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ ለጀማሪ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ መስጠት ያስፈልጋል። ፈንክሽን ማለት ለሚቀበለው ለእያንዳንዱ ነገር አንድና አንድ ውጤት ብቻ የሚመልስ ደንብ ነው። በትምህርት ቤት «ኤፍ ኦፍ ኤክስ» እያልን የምናነበውን አጻጻፍ ለሒሳብ ዓለም ያስተዋወቀው ሊዮናርድ ኦይለር ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1730ዎቹ ነበር። እኔ በዚህ ጽሑፍ በራሳችን ፊደል ፈ(ቀ) እያልኩ እጽፋለሁ። ፈ የደንቡ ስም ነው፤ ቀ ደግሞ ባዶ ወንበር ነው። በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው እንግዳ ማንም ይሁን ማን ደንቡ የሚያደርግበት ነገር አይለወጥም። ቅንፉም የማባዛት ምልክት አይደለም፤ «እዚህ ተቀመጥ» የሚል ምልክት ነው።

ለምሳሌ ፈ(ቀ) = ቀ² + 3 ቢሆን ፈ(2) = 7 ይሆናል፤ ፈ(−2)ም እንደዚሁ 7 ነው። ፈ(2 + ሀ) ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ዩኒቨርሲቲ ከገቡ ተማሪዎቼ መካከል ሳይቀር 7 + ሀ ብለው የሚጽፉ አሉ። እንግዳው ጓደኛ አስከትሎ ቢመጣ አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ደጅ ማቆም አይቻልም። ሁለቱም አብረው ይገባሉ፤ (2 + ሀ)² + 3፣ ማለትም 7 + 4ሀ + ሀ²። የፊዚክስ ተማሪ በአንድ ቅጽበት ያለን ፍጥነት የሚያገኘው ከዚህች 4ሀ ነው፤ 7ን ቀንሶ፣ የቀረውን ለሀ አካፍሎ፣ ሀን ወደ ምንም ሲያስጠጋት 4 ብቻ ትቀራለች። 7 + ሀ ብሎ የጻፈ ተማሪ ይህን በር ሳያየው ያልፋል።

ጥምር ፈንክሽን የሚባለው ደግሞ የአንዱ ደንብ ውጤት ለሌላው ደንብ እንግዳ ሆኖ ሲቀርብ ነው። ፈ(ቀ) = 2ቀ፣ ገ(ቀ) = ቀ + 3 ይሁኑ። ፈ(ገ(5)) ሲባል ሥራው የሚጀመረው ከውስጠኛው ነው፤ ገ 5ን ተቀብሎ 8 ይመልሳል፣ ፈ 8ን ተቀብሎ 16 ይመልሳል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ገ(ፈ(5)) = 13 ይሆናል። ቡናን ቆልቶ መውቀጥና ወቅጦ መቁላት አንድ እንዳልሆነ ቡና አፍልቶ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ሌላው ጥንቃቄ ውስጠኛው የሚሰጠውን ነገር ውጪኛው መቀበል መቻሉ ነው። ከ5 ላይ 9 ቀንሶ −4 የሚሰጥ ደንብ ተከትሎ ስኩዌር ሩት የሚያወጣ ደንብ ቢመጣ፣ በተራ ቁጥሮች ዓለም ሥራው እዚያው ይቆማል።

አሁን ወደ ልጁ ደብተር እንመለስ። የተጠየቀው ከላይ በጠቀስናቸው በእነዚሁ ሁለት ደንቦች ፈ(ገ(1)) ስንት እንደሆነ ነበር። ገ(1) = 4፣ ፈ(4) = 8፤ መልሱ 8። ልጁ ደግሞ ፈ(1) = 2፣ ገ(1) = 4፣ ሲባዙ 8። ጥያቄውን ያወጣው ሰው 1ን በ5 ለውጦ ቢሆን ኖሮ ትክክለኛው መልስ 16፣ የልጁ መልስ 80 ይሆንና ስሕተቱ ፀሐይ ይሞቀው ነበር። ቁጥሩ 1 ሆነና ተማሪው ሙሉ ነጥብ አገኘ፤ መምህሩም የሚያስተካክለው ነገር እንዳለ ሳያውቅ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አለፈ።

የየኔታን ስሌት የማነሣው እዚህ ላይ ነው። «ቅዳሜ» ያሉት በባሕረ ሐሳብ ሲሆን ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የአንዱ ውጤት ለሌላው እንግዳ የሚሆንበት የስሌት ሰንሰለት ነው። አስቀድሜ ሁለት ነገሮች ላስታውስ። አንደኛ፣ በዚህ ስሌት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው «አካፍለህ ቀሪውን ያዝ» የሚለው ደንብ በጥብቅ አነጋገር ከአልጀብራ ፈንክሽኖች ወገን አይደለም፤ የማስላቱና የማጣመሩ ሥርዓት ግን አንድ ነው። ሁለተኛ፣ «አባቶቻችን ፈንክሽንን ከአውሮፓውያን በፊት ያውቁ ነበር» ለማለት አልተነሣሁም። የስሌቱ ሥር የእስክንድርያ ሊቃውንት ሥራ ነው፤ ትውፊታችንም ድርሰቱን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። የፀሐይንና የጨረቃን አቆጣጠር የሚያስታርቀው የ19 ዓመት ዑደትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓ.ዓ. ከአቴናዊው ሜቶን ስም ጋር ተያይዞ ይታወቃል። የፋሲካን ቀን በቀሪ ስሌት የማግኘት ነገር ታላቁን የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስንም ስቦ እ.ኤ.አ. በ1800 የራሱን ቀመር አሳትሞበታል። የእኛውን በተመለከተ ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በ1993 ዓ.ም. ያሳተሟቸው መጻሕፍት አሉ። በቅርስነቱ መኩራት መልካም ነው፤ እኔ ግን ከኩራቱ ይልቅ አሠራሩ ይጠቅመናል ባይ ነኝ።

እንግዲህ የ2018 ዓ.ም.ን እንያዝ። የመጀመሪያው ደንብ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ዓመተ ዓለሙን ይሰጣል፤ 7518። የልደታን ዕለት ለማግኘት ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍለን ሙሉ ድርሻውን ብቻ እንይዛለን፤ 1879። ሁለቱን ደምረን 9397፣ ይህን ለ7 ስናካፍል 3 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን መስከረም 1 ቀን ማክሰኞ፣ 2 ሲሆን ረቡዕ፣ 3 ሲሆን ሐሙስ እያለ ይቀጥላል፤ ስለዚህ የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ሐሙስ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ግንቦት 1 ስምንት ወር፣ ማለትም 240 ቀን አለ፤ 240 ለ7 ሲካፈል ቀሪው 2 ነው። ሐሙስ ላይ ሁለት ሲጨመር ቅዳሜ። የኔታ በጣቶቻቸው ያጠፉት ይህችን ነበር።

ልደታ የማትንቀሳቀስ በዓል ስለሆነች ሰንሰለቷ አጭር ነው። ፋሲካ ረዘም ይላል። ያንኑ 7518 ለ19 ስናካፍል 13 ይቀራል፤ ይህ መደብ ይባላል። ከመደቡ አንድ ሲቀነስ 12፤ ይህ ወንበር ይባላል። (ባዶ ቦታውን ወንበር ብዬ የጠራሁት ይህን አስቤ ባይሆንም አጋጣሚው ደስ ይላል።) ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 መግደፍ አበቅቴን ይሰጣል፤ 132 በ30 ሲገደፍ 12። ወንበሩን በ19 አባዝቶ በ30 መግደፍ መጥቅዕን ይሰጣል፤ 228 በ30 ሲገደፍ 18። 11 የመጣችው የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን በመሆኑ ከልዩነታቸው ነው፤ 19 ደግሞ 11 ከ30 የጎደላት ናት። ስለዚህም አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ 12 እና 18።

ከዚህ ቀጥሎ ደንቡ መንታ መንገድ ይይዛል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። «14 ራሱ ቢሆንስ?» ብሎ የሚጠይቅ ጠንቃቃ ተማሪ አሥራ ዘጠኙን ወንበሮች አንድ በአንድ ቢያሰላቸው 14 በውጤትነት ፈጽሞ እንደማይመጣ ያገኛል። የ2018 ዓ.ም. መጥቅዕ 18 ስለሆነ ዕለቱ መስከረም 18 ነው፤ መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ 18 እሑድ ይውላል። እዚህ ላይ ሁለት ሰንሰለቶች፣ የወንበሩና የዕለቱ፣ ይገናኛሉ። ለእያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ የሚባል ቁጥር አለው፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 18 እና 7 ሲደመሩ 25፤ ይህ መባጃ ሐመር ሲሆን ጾመ ነነዌ ጥር 25 ትገባለች ማለት ነው። በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ሲውል ወይም መባጃ ሐመሩ ከ30 ሲያልፍ ነነዌ ወደ የካቲት ትሻገራለች። ከነነዌ እስከ ፋሲካ 69 ቀን ስለሆነ የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 2026 መሆኑ ነው። የወንበሩ ሰንሰለት በየ19 ዓመቱ፣ የዕለቱ ሰንሰለት በየ28 ዓመቱ ስለሚደገም ጥምሩ የሚደገመው በየ532 ዓመቱ ነው፤ ዐውደ ቀመር የሚባለውም ይኸው ነው።

አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው እያንዳንዱ የመሐል ውጤት የራሱ ስም ያለው መሆኑን ነው። መደብ፣ ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ፣ መባጃ ሐመር። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን የሚታወጀው ፋሲካ የሚውልበት ቀን ብቻ አይደለም፤ ወንበሩም፣ አበቅቴውም፣ መጥቅዑም አብረው ይታወጃሉ። በየግድግዳችን የምንሰቅላቸው የቀን መቁጠሪያዎችም ያትሟቸዋል። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ላይ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱ የት እንደሆነ በስሙ ተጠርቶ ይነገረዋል። በእኛ የሒሳብ ክፍል ግን የውስጠኛው ፈንክሽን ውጤት ስም የለውም፤ ተማሪው በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጫር አድርጎ ይጥለዋል።

ይህ ለምን ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ በዚሁ ስሌት ላሳይ። ደንቡን ወደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ለመለወጥ የሚነሣ ተማሪ «ወንበር ማለት መደብ ሲቀነስ 1» ብሎ ይጽፋል እንበል። ለ2017፣ ለ2018፣ ለ2019 ዓ.ም. ቢሞክረው በሙሉ ልክ ይሆንለታል። አሁን 2005 ዓ.ም.ን ይሞክር። ዓመተ ዓለሙ 7505 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ ምንም አይተርፍም። መደቡ ዜሮ፣ ወንበሩ −1 ይሆንበታል። ትውፊታዊው ደንብ ግን እንዲህ ሲሆን መደቡን 19 አድርጎ ይይዝና ወንበሩን 18 ይላል። 18 በ19 ተባዝቶ 342፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 12 ነው። የተማሪያችን ደግሞ −19፣ 30 ተጨምሮበት 11። አንድ ቀን ተሳስቷል።

ታዲያ ፋሲካው ይሳሳታል? የ2005 ዓ.ም. ጥቅምት 12 ሰኞ ነበር፤ ተውሳኩ 6፣ ድምሩ 18። ጥቅምት 11 እሑድ ነበር፤ ተውሳኩ 7፣ ድምሩ 18! ሁለቱም ነነዌን የካቲት 18፣ ፋሲካን ሚያዝያ 27 ያደርሷታል፤ በእርግጥም የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። ተማሪያችን ፕሮግራሙ ልክ መሆኑን አረጋግጦ ይተኛል። መደቡ እንደገና ዜሮ በሚሆንበት በ2024 ዓ.ም. ቢሞክረውም ጥቅምት 12 ሐሙስ፣ ጥቅምት 11 ረቡዕ ስለሚሆኑ 15 እና 15 አግኝቶ ይበልጥ ይተማመናል። ስሕተቱ አደባባይ የሚወጣው በ2043 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ጥቅምት 12 ቅዳሜ ይውላል፤ 12 እና 8፣ 20። ጥቅምት 11 ደግሞ ዓርብ ነው፤ 11 እና 2፣ 13። እውነተኛው ፋሲካ ልደታ ሁለት ቀን ሲቀራት ሚያዝያ 29 ሲውል ፕሮግራሙ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ሚያዝያ 22 ያውጃል። በ2005 ዓ.ም. የተጻፈ ስሕተት ሠላሳ ስምንት ዓመት ተደብቆ ይኖራል ማለት ነው።

የደበቀው ማን ነው? ውጪኛው ፈንክሽን ነው። ተውሳክ የሚባለው ደንብ የተለያዩ ቀናትን ወደ አንድ ቀን የሚሰበስብ በመሆኑ በውስጥ የነበረውን ልዩነት ያጠፋል። እዚህ ላይ አንድ ትዝብት ልጨምር፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆናቸው ማረጋገጫ ነው ብለን የምንታመን ከሆነም አያድነንም። በተሳሳተው ወንበር አበቅቴው 19፣ መጥቅዑ 11፣ ድምሩ ያው 30 ነው። ማረጋገጫውም የሚነሣው ከዚያው ከተሳሳተ ወንበር ስለሆነ ሊያጋልጠው አይችልም። ስሕተቱን የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንበሩን ራሱን አይቶ «ወንበር ከ0 እስከ 18 ነው፤ −1 ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ። ግእዝ አኃዝ የዜሮ ምልክት ባይኖረውም ሊቃውንቱ ወንበሩ ባዶ ሲሆን «አልቦ» ይሉታል፤ በዚያን ጊዜም መጥቅዑን ዜሮ ሳይሆን 30 ያደርጉታል፤ መስከረም ዜሮ የሚባል ቀን የለምና። 2006 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። የዛሬው መማሪያ መጽሐፍ ዶሜይን የሚለውን ጉዳይ እነርሱ በሥራ ላይ ያውሉት ነበር ማለት ነው።

በፊዚክስም ይኸው ነው። ኳስ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ሽቅብ ትወርወርና የመሬትን ስበት 10 አድርገን እንያዝ። ሽቅቡን አዎንታዊ ካልን ፍጥነቷ በጊዜው 20 − 10ጊ ነው፤ ከ3 ሰከንድ በኋላ −10፣ ማለትም ቁልቁል እየወረደች ነው። ክብደቷ 2 ኪሎ ግራም ቢሆን የእንቅስቃሴ ጉልበቷ የክብደቷ ግማሽ በፍጥነቷ ስኩዌር ተባዝቶ 100 ጁል ይሆናል። ቅናሹን ገልብጦ +10 ያገኘ ተማሪም 100 ጁል ይላል። ስኩዌሩ ምልክቱን በልቶታል። ይህ ተማሪ ኳሷ ወደ ሰማይ እየሄደች ነው ብሎ ያምናል፤ እኛም ሙሉ ነጥብ ሰጥተነዋል።

አሁን ወደ ዋናው አቤቱታዬ ልግባ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። አገሩ ሁሉ ስለ ወደቁት ተነጋገረ፤ መነጋገሩም ተገቢ ነበር። እኔ የምጠይቀው ግን ስለ ተመለሱት ጥያቄዎች ነው። የምርጫ ፈተና የሚያየው የውጪኛውን ፈንክሽን ውጤት ብቻ ነው። ተማሪው በጥላ የሚያጠቁራት አንዲት ክብ ከብዙ መንገዶች ልትመጣ ትችላለች፤ ትክክለኛው መንገድ ከእነርሱ አንዱ ብቻ ነው። ይህን አውቀው የሚያስጠኑ ሰዎችም ተነሥተዋል፤ ምርጫዎቹን ወደ ጥያቄው መልሶ በመተካት፣ የማይመስለውን በመሰረዝ ሳያሰሉ መልስ ማግኘትን በገንዘብ የሚያስተምሩ። ዘዴው ያስኬዳል። ያስኬዳል፣ እስከ 2043 ዓ.ም.።

በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት በእጅ ማረም እንደማይቻል ይገባኛል፤ በማሽን የሚታረም ፈተና ይቅር የሚል ቅዠት የለኝም። ሆኖም ምርጫም ቢሆን የመሐሉን ውጤት ሊጠይቅ ይችላል። «ፈ(ገ(5)) ስንት ነው?» ከማለት ጋር «በዚህ ስሌት ወደ ፈ የሚገባው ቁጥር የትኛው ነው?» ማለት ይቻላል። ጥያቄ አውጪውም 0 እና 1ን፣ 2 እና 2ንም ቢሆን (ሲደመሩም ሲባዙም 4 ናቸውና) ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ባይጠቀም ይመረጣል። ከሁሉ በላይ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጡት የክፍል ሥራዎችና ፈተናዎች ማሽን አያርማቸውም፤ እዚያ ምርጫ መስጠት ስንፍና እንጂ ግዴታ አይደለም። ለተማሪዎችም አንድ ዘዴ ልጠቁም፤ በአንድ ቁጥር ልክ የሆነላችሁን አሠራር ባልተለመደ ሌላ ቁጥር፣ ለምሳሌ በ7 ወይም በ−3፣ ደግማችሁ ሞክሩት። ሁለት የተለያዩ ደንቦች በአንድ ቦታ ቢገናኙም በሁሉም ቦታ አይገናኙም።

ከዚህ ወቀሳ እኔም ነፃ አይደለሁም። የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በውጭ አገር በጀመርኩበት ሴሚስተር፣ የመጨረሻ መልሶቹ በሙሉ ልክ የሆኑ አንድ የቤት ሥራዬ በግማሽ ነጥብ ተመለሰልኝ። ተበደልኩ ብዬ ወደ አራሚው ቢሮ ሄድኩ። አራሚው በሁለተኛው ገጽ ላይ የሳትኩትን የቅነሳ ምልክትና በአራተኛው ገጽ ላይ ያንን ያጣፋልኝን ሌላ ስሕተት በጣቱ አሳየኝ። ሁለት ስሕተቶች ተቃቅፈው ልክ ሆነው ነበር። አፍሬ ተመለስኩ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ አገሬ ገብቼ ማስተማር ስጀምር፣ ከመቶ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ለዓመታት አርባ አርባ የምርጫ ጥያቄ እያወጣሁ በአንድ ከሰዓት አርሜ እጨርስ ነበር። ቀላል ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ የልደታ ዕለት በኋላ ባወጣሁት ፈተና ላይ የኳሷን ጥያቄ ያለ ምርጫ አስገባሁት፤ ፍጥነቷን ለብቻ፣ አቅጣጫዋን ለብቻ፣ ጉልበቷን ለብቻ እንዲጽፉ። ለማረም ሁለት ቅዳሜ ወሰደብኝ። 100 ጁል ብለው ከመለሱት መካከል ጥቂት የማይባሉት ኳሷን ሽቅብ ልከዋታል። አንዷ ተማሪ ፍጥነቷን +10 ጽፋ፣ አቅጣጫዋን «ቁልቁል» ብላ፣ ሁለቱ አልስማማ ሲሏት ጠርዙ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጋ ነበር። ለዚያች የጥያቄ ምልክት ነጥብ ሰጠኋት።

ለየኔታ የልጅ ልጅም የ2043 ዓ.ም.ን ፋሲካ እንዲያሰላ የቤት ሥራ ሰጠሁት። ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ደጅ ላይ የነበሩት አያቱ ናቸውና ቀድመው ተቀበሉት። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት። የመጨረሻው መስመር «ሚያዝያ 29» ይላል። እርሳቸው ግን ጣታቸውን ሦስተኛው መስመር ላይ አድርገው «እስቲ ይህችን ወንበር ከየት እንዳመጣሃት ንገረኝ» አሉት።